የባሕር አየር ደብዳቤ

ስልኩ የጮኸው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዶክተር ላንግሪጅ ሆስፒታል ሕሙማን ሊጎበኙ ሄደዋል፤ እስከ አሥር ሰዓት አይመለሱም። ቢሮ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ወይዘሪት ፔንሮዝ» አለ ከገጠሯ ከተማ ከካይንተን የደወለው፣ በሽተኞች የሚልክልን ዶክተር ዱጋን፣ «አለቃሽ የባሕር አየር አዘዙልኝ። ለስላሳ እንቁላልም ብላ ብለውኛል። እስኪ አሁን እኔን የሚያህል ሰው እንቁላል ያንሰዋል?»

እሱ ሳቀ።

«ፖስታው ላይ የማን ስም አለ?» አልኩት።

«የእኔ። ደብዳቤው ግን ‹ውድ ወይዘሮ ሄፈርናን› ይላል።» ሳቁ ተቋረጠ። «አንቺ ልጅ! የእኔው የት ሄደ?»

የት እንደ ሄደ ሁለታችንም አወቅን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ትናንት የመጨረሻው ፖስታ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ሁለቱን ደብዳቤዎች አቀያይሬ አሽጌያቸዋለሁ።

ቢሯችን ባለበት በኮሊንስ ጎዳና የሚሠሩ ስም ያላቸው ሐኪሞች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ከሁሉም ስማቸው የገነነው የእኔ አለቃ ደግሞ ደንቡን እንደ ጸሎት ይጠብቁታል። ለአንድ በሽተኛ ሁለት ደብዳቤ ይጻፋል። እውነቱ በሽተኛውን ለላከው ሐኪም ይሄዳል፤ ለበሽተኛው የሚሄደው ማጽናኛው ነው። ተስፋ ለሌለው ሰው ማጽናኛው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሚያሰጋ ነገር አላየሁም፣ ለስላሳ እንቁላል ይብሉ፣ የባሕር አየር ይውሰዱ። ስድስት ዓመት ስተይበው ኖሬያለሁ። ነሐሴ ላይ ለገዛ እናቴ የተየብኩትም እሱኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ሴንት ኪልዳ ባሕር ዳርቻ እወስዳታለሁ፤ ፊቷም ላይ ቀይ እየመጣ ነው እላታለሁ። እንዴት ያለሁ ውሸታም እንደ ሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለወይዘሮ ሄፈርናን የሄደው ግን እውነተኛው ነው፦ «በሆዷ ያለው ዕጢ በቢላዋ የሚወጣ አይደለም። እስከ ፋሲካ ከቆየች ብዙ ቆየች። ሕመሙን አስታግስላት።»

«ዶክተር፣ እባክህ ፖስታ ቤት ሮጠህ አስቀርልኝ» አልኩት።

«እኔ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ እየወጣሁ ነው። ደግሞም የፖስታ ቤቱን ሹም አታውቂውም፤ ላኪው ራሱ ማስረጃ ይዞ ካልመጣ ለንጉሡም አይሰጥም። የእርሻዎቹ ፖስታ በጋሪ የሚወጣው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከቻልሽ ድረሺ።»

ማስረጃዬ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅጂ መዝገቡ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት በእርጥብ ስስ ገጽ ላይ ተጭኖ ቅጂው እዚያ ይቀራል፤ ገጹም ቁጥር አለው። ያ መዝገብ ከቢሮ ወጥቶ አያውቅም። ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ አንዲት ገጽ ለጓደኛዋ በማሳየቷ ነው የተባረረችው። በካፖርቴ ጠቅልዬው ወደ ባቡሩ ሮጥኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዉድኤንድ ጣቢያ ላይ ባቡራችን የዕቃ ባቡር ሊያሳልፍ ሃያ አምስት ደቂቃ ተገትሮ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ይቅርና የማስታወቂያውን ገጽ ጭምር አነበበ። ጋዜጣውን ነጥቄ ልቀድበት ምንም አልቀረኝም። ካይንተን ስንደርስ የፖስታው ጋሪ ሄዷል።

የከተማው ሥጋ ሻጭ ወደ ሄፈርናኖች እርሻ ስለሚሄድ በጋሪው አሳፈረኝ።

«መጽሐፍ ቅዱስ ልትሸጪ ነው?» አለኝ መዝገቡን አይቶ።

«አይደለም። እባክህ ፍጠንልኝ።»

«ሄፈርናኖች ካቶሊኮች ናቸው። የፕሮቴስታንት መጽሐፍ ካንቺ አይገዙም፣ በከንቱ አትድከሚ።»

ወይዘሮ ሄፈርናን በረንዳ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ። ደብዳቤው ተከፍቶ ከሳህኑ ሥር ተቀምጧል።

«ከላንግሪጅ ቢሮ ነሽ» አሉ። «ደብዳቤሽን ፍለጋ መጣሽ።»

«ፔንሮዝ እባላለሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ዶክተሩ እንዲህ እንዲደርስዎ አልፈለጉም። እኔ…»

«መጀመሪያ ተቀመጪ። ፊትሽ ከእኔ ፊት ይብሳል።»

ሻይ ቀዱልኝ። ከሽርጣቸው ኪስ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ። «ይሄ ባለፈው ወር መጀመሪያ ስመረመር ለእኔ የመጣ ነው። ይሄኛው ደግሞ አምና ለእህቴ ለአግነስ የመጣ። እስኪ አስተያዪያቸው።»

ማስተያየት አላስፈለገኝም፤ ሁለቱንም የተየብኩት እኔ ነኝ።

«አግነስ ባሕር ሄዳ በሬሳ ሣጥን ተመለሰች» አሉ። «የእኔው ሲመጣ ያኔውኑ ገባኝ። ባሌ ማርቲን ግን ደስ ብሎት ለባሕሩ ሻንጣ ገዛልኝ፤ እኔም ደስ ያለኝ መስዬ ከረምኩ። ሠላሳ ዓመት የተጋባን ሰዎች፣ ወሩን ሙሉ በአንድ አልጋ ስንዋሻሽ አደርን። ይሄን ደብዳቤ አትወስጂብኝም። ዛሬ ማታ አነብለታለሁ።»

ሊከለከሉ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን እጃቸውን ወደ መዝገቡ ሲዘረጉ አልከለከልኳቸውም። ገጾቹን ይገልጡ ጀመር።

«የባሕር አየር… እዚህም የባሕር አየር… ይሄ ሁሉ ሰው ባሕር ወርዶ ዓሣው የት ሊገባ ነው?» ብለው ሳቁ። ገጽ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ግን ጣታቸው ቆመ። «ወይዘሮ ፔንሮዝ። ዘመድሽ ናት?»

«እናቴ ናት።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አተሩን አብሬያቸው ፈለፈልኩ።

ቢሮ ስመለስ ዶክተር ላንግሪጅ ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አነበበችው?»

«አዎ።»

«አለቀሰች?»

«የለም። ሻይ ቀዱልኝ።»

መዝገቡን ተቀብለው በቦታው መለሱት፤ ጀርባውን ሁለቴ ዳሰሱት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ያጽናኑ ይመስላቸው ነበር።

«ሰኞ እንዳትመጪ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለነገው እሑድ ጫማዋን ታዘጋጃለች፤ ያለፈውን ሳምንት አሸዋ ታራግፋለች።

«እማዬ፣ ነገ ሴንት ኪልዳ አንሄድም።»

«ምነው? ዝናብ ነው?»

«የባሕር አየር ምንም አይጠቅምሽም። ከመጀመሪያውም አይጠቅምሽም ነበር።»

ጫማዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ተመስገን!» አለች። «ያንን አሸዋ እንዴት እንደምጠላው! አንቺን ደስ የሚልሽ መስሎኝ እኮ ነው የምሄደው።»

ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነብኝ። እሷ አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«በይ አሁን ለሐኪሜ የሄደውን ሌላኛውን ደብዳቤ ንገሪኝ» አለች። «አንቺ ነሽ የተየብሽው፤ በቃልሽ ሳታውቂው አትቀሪም።»

በቃሌ አውቀው ነበር። ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩላት።