የዳማ ክኒን

የሺአረግ በተፈጥሮዋም ቁጡ ናት፤ ያን ሰሞን ግን ንዴቷ ልክ አጣ።

ዳማ የሺአረግ የምትኖርበት የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ጠባቂ ውሻ ነበረች። የማንም አይደለችም፤ የሁሉም ናት። ነዋሪው ተቧድኖ ቅርጫ ሲያርድ አጥንቱ ለእሷ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል እንዲሉ፣ ለሁሉም ስትጮህ ታድራለች፤ ሁሉም እሷን ተማምኖ ይተኛል። ስትታመም ግን ባለቤት ጠፋ። ከፋሲካ በኋላ ምግብ አሻፈረኝ አለች፣ ድዷ ነጣ፣ አፍንጫዋ ይደማ ጀመር። ጆሮዋ ውስጥ መዥገር እንደ ጉሎ ፍሬ ተነፋፍቶ ተደርድሯል።

የሺአረግ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላት አስፋልት ዳር ወጣች። የሚኒባሱ ረዳት «ማዘር፣ ውሻ አንጭንም!» ብሎ በሩን ዘጋባት። ሌላውም እንደዚያው። በመጨረሻ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ተኽላይ ዘንድ ደረሰች።

«የመዥገር በሽታ ነው» አላት የዳማን ደም መርምሮ። «እብደት አይደለም፤ አይፍሩ። ይህን ክኒን እስኪያልቅ ድረስ ጠዋትና ማታ ይስጧት። ግን እሷን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። መዥገሩ የሚያድረው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ግቢውን መድኃኒት ያስረጩ፤ አለዚያ የሰፈሩን ውሻ ይጨርሳል።»

ይህንኑ ለነዋሪው ስብሰባ ተናግራ፣ ለርጭቱ እናዋጣ አለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አስፋው ፈገግ አሉ።

«ወይዘሮ የሺአረግ፣ ሰው መድኃኒት ባጣበት ዘመን ለውሻ አዋጡ ይሉናል?»

ሰው ሳቀ።

«ደግሞ ደም የሚተፋ ውሻ እብድ ነው» ቀጠሉ። «ልጆቻችንን ቢነክስስ?»

«ጋሽ አስፋው፣ ሐኪም አይቷታል እኮ! ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምልዎት!»

«እናስብበታለን።»

አሰቡበት። ዳማ ክኒኑ ሠርቶላት መብላት በጀመረች፣ የሺአረግን ስታይ ጅራቷን መቁላት በጀመረች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አረፋ ደፍቃ ተገኘች። አጠገቧ ሌሎች የሰፈሩ ውሾች ተጋድመዋል።

ጥበቃው ጉዲና የሺአረግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ኮሚቴው የላከው ሰውዬ መርዝ ያለበትን ሥጋ ቢጥልላት አሽትታ ተወችው» አለ። «ጋሽ አስፋው ሲሰጧት ግን በላች። የቅርጫ ለት አጥንት የሚሰጧት እሳቸው ናቸዋ።»

ሰው ቢሞት ድንኳን ይጣላል፤ ዳማ ግን ደመ ከልብ ሆና ቀረች። ይባስ ብሎ ጎረቤቱ «ተገላገልን» ይላል! የሺአረግም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአቶ አስፋው ሰላምታ ነፈገች።

መዥገር ግን የኮሚቴ ውሳኔ አያከብርም። ግቢው አልተረጨም። የሚጣበቅበት ውሻ ሲያጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ወጣ።

አንድ ቀን በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት አቶ አስፋው ቆመዋል። በፎጣ የጠቀለሉት ቶሚ ነው፤ ልጃቸው ሀይሚ ሶፋ ላይ የምታስተኛው ነጩ ውሻ። ከአፍንጫው የወረደው ደም ፎጣውን አበላሽቶታል። ሀይሚ ከኋላቸው ትንሰቀሰቃለች።

«የሺዬ» አሉ፣ «የዚያን ሐኪም ስልክ ፈልጌ ነበር።»

በሩን ፊታቸው ላይ ብትዘጋው ደስ ባላት።

«ደም ይተፋል እኮ» አለች። «እብድ ነው። ልጅህን ቢነክስስ?»

አንተ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነበር። የሺአረግ ልጅቷን አየቻት፤ ጥርሷን ነክሳ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ የክሊኒኩ ስልክ የታተመበትን የክኒን ፖስታ ይዛ ነበር። ለዳማ ሥጋውን ባቀበለው እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ስልኩ እላዩ ላይ አለ» አለች። «ክኒኑ የዳማ ነው። አላስጨረስካትም።»