ሳይታይ «ታይቷል»

በዚያ ዓመት በረዶው የመጣው በመስከረም አጋማሽ ነው። ገብሱ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሩብ ሰዓት ወርዶ አቆመ። ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ያለው ሰብል ሁሉ ተኛ፤ ድንቹ አፈር ውስጥ በሰበሰ። በጥቅምት ውርጭ ተከተለ። በኅዳር ሰው በሬውን መሸጥ ጀመረ። በጥር የሚሸጥ በሬ አልነበረም።

በረዶው በጣለ በሳምንቱ ቀበሌው ጉዳቱን ዞረው የሚመዘግቡ ሦስት ሰዎች መርጦ ነበር። አንዱ ወልደጊዮርጊስ ነበር። የሥራነሽ ማሳ ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ሞልቷል። ሦስቱ ሰዎች ዳር ቆመው እርስ በርስ ተያዩና «ታይቷል፣ ጉዳት የለበትም» ብለው ፈረሙ። ሥራነሽ ከእርዳታው እህል አንድ ቁና አልደረሳትም። ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ቤቷን ዘግታ ወደ ደብረ ማርቆስ ወረደች።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ወልደጊዮርጊስም ሲያረጅ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ እዚያው ደብረ ማርቆስ ገባ። የስፖርት መነጽር የሚሠራ አንድ ድርጅት በጥበቃ ቀጠረው፤ ዓይኑ የማይስት መሆኑ ሲታወቅ ወደ ምርመራ ክፍል አዛወሩት። እዚያ በገባ ቀን ከመሞረጃው ማሽን ኋላ የተቀመጠች ሴት ቀና ብላ አየችው። ሥራነሽ ናት።

«ደኅና ነዎት፣ አያ?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ማሳ ትንፍሽ አላለችም። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ፍሬሙ ቀልጦ በቅርጽ ይወጣል። ሌንሱ ከፕላስቲክ ተቆርጦ ይመጣል፤ ሥራነሽ ጠርዙን ትሞርዳለች፤ ሌሎቹ ይገጥማሉ። ከየመቶው አምስቱ ወደ ወልደጊዮርጊስ ይሄዳሉ። እሱ ፍሬሙን ያጣምማል፣ ይመልሳል። ላብ እንደማይበላው ለማየት ጨው ውሃ ውስጥ ያሳድረዋል። ሌንሱ ጎጂ የፀሐይ ጨረር እንደማያሳልፍ በመለኪያ ያያል። በመጨረሻ ሌንሱን ከቆመ ቱቦ ሥር ያስቀምጥና ከላይ የብረት ብይ ይለቅበታል። ካልተሰነጠቀ ሳጥኑ ላይ ማኅተም ይመታል። በማኅተሙ ላይ ያለችው ቃል አንዲት ናት፤ «ታይቷል»። የመጀመሪያ ቀን ሲሰጡት እጁን ያቃጠለችው መስሎት ነበር።

በግንቦት ሁለት ሺህ መነጽር ያዘዘች ጅምላ ገዢ መምጫዋ ደረሰ። ሂዊ ትባላለች፤ ለሯጮችና ለብስክሌት ክለቦች የምታከፋፍል የአዲስ አበባ ነጋዴ ናት። ከመምጣቷ በፊት ባለው ቀን ወልደጊዮርጊስ አምስት ሌንስ ሞከረ፤ ሦስቱ ተሰነጠቁ። ሌላ አምስት አመጣ፤ አራቱ ተሰነጠቁ። የድርጅቱን ባለቤት ጌታሰውን አስጠራው።

ጌታሰው ስብርባሪውን በጫማው ገፋ አደረገ። «እቺ ሴትዮ ናት። ተጣድፋ እየሞረደች ጠርዙን ታቃጥለዋለች።»

«ፕላስቲኩ ነው። ባለፈው ወር በርካሽ የለወጥከው።»

«አያ፣ ስለ ፕላስቲክ ደግሞ የት ያውቃሉ? ገብስ መሰለዎት?»

«ገብስም ቢሆን ግርዱን ከፍሬው እለያለሁ።»

ጌታሰው ሳቀና ቢሮው ገብቶ ወረቀት ጽፎ ተመለሰ። ጥፋቱ የሞራጇ መሆኑን፣ እሷም እንደምትሰናበት፣ የቀሩት ሳጥኖች ግን ተመርምረው ማለፋቸውን ይናገራል። የጎደለው የመርማሪው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው።

«ለነገ ይድረስልኝ። ዝም ብለው ይምቱበት፤ ማን ያየዋል?»

ማን ያየዋል! የወልደጊዮርጊስ ደም ፈላ። ሯጭ ኮብልስቶን ላይ ወድቆ ስባሪው አንዱን ዓይኑን ሲያጠፋው ያየዋል፤ ያውም በቀረችው በአንዷ ዓይኑ። እንጀራዋን ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል የነጠቋት ሴት ታየዋለች። በጌታሰው የጀመረው ንዴት ዞሮ በራሱ ላይ መጣ። ወደ መጋዘን ገባና ሞረድ ያልነካቸው ሦስት ሌንሶች መርጦ በጨርቅ ጠቀለለ።

በማግሥቱ ሂዊ መጣች። ሠራተኛው ሁሉ በየጠረጴዛው ቆሟል። ጌታሰው ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ወረቀቱን፣ አያ።»

«አልፈረምኩም።» ወልደጊዮርጊስ ጨርቁን ፈታ። «ልጄ፣ ይቺን ተቀበዪኝ። ሞረድ አልነካትም። ብይዋን አንቺው ልቀቂባት።»

ሂዊ ለቀቀች። ሌንሱ ቷ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

«አንዳንዴ ያጋጥማል» አለ ጌታሰው።

«ድገሚው።»

ደገመችው። በሦስተኛውም ላይ ማንም ሳይነግራት ለቀቀች፤ ሁለቱም ተሰበሩ። ከዚያ ስብርባሪውን በጣቷ ነካካች።

«ይሄንን ነው ለሰው ዓይን ልትሸጡልኝ የነበረው?»

«ጥፋቱ የሞራጇ ነው፣ እሷን ደግሞ...»

«ሞረድ ያልነካው ነው የተሰበረው፣ አቶ ጌታሰው! ሳጥኖቹን አልረከብም። በድሮው ፕላስቲክ እንደገና ይሥሩልኝ። ሞራጇም እሷው ትሁን፤ ቀድሞ በላኩልኝ ናሙና ላይ እንከን አላገኘሁባትም።»

ጌታሰው ፊቱ ቀልቶ ወደ ወልደጊዮርጊስ ዞረ። «እርስዎን ግን ከዛሬ ወዲያ እዚህ ግቢ እንዳላይዎት!»

«እሄዳለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ።»

ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ሥራነሽ ዞረ። ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሥራነሽ፣ በበረዶው ዓመት ማሳሽን አላየሁትም። ወንዙን ፈራሁ። ሳላይ አየሁ ብዬ ፈረምኩ። ልጆችሽ የተራቡት በእኔ ፊርማ ነው።»

ማሽኑን አጠፋች።

«አውቃለሁ። በማግሥቱ ጭቃው ላይ ዱካችሁን ፈልጌ ነበር። የከብት ዱካ ብቻ ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ዝም አልሽ?»

«ዕዳው የእርስዎ ነው፣ አያ። እኔ አፍ አውጥቼ ልክፈልልዎት?»

አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሥራነሽ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ዘረጋችለት፤ በሁለት እጁ ያዘው።

«ተቀብያለሁ» አለችው።