ቀይ ክር ያሰሩ ዶሮዎች

«ጽጌ፣ እነዚህን ዶሮዎች ምንድን ነው የምታጠጫቸው?»

ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ይህን ሲጠይቁኝ እንዴት እንደማስረዳቸው አላውቅም ነበር።

ልጄ ፀደንያ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቷን እኛ ቤት፣ ሸዋ ሮቢት ዳር ልትሠራ የመጣችው በአባቷ በተፈራ ቲማቲም የተነሳ ነው። ተፈራ አበባው እንዳይረግፍ የሚረጨው ነገር አለ። እኛ መድኃኒት እንለዋለን። እሷ ግን ሆርሞን ነው አለችኝ፤ ተክሉን እደግ፣ አፍራ ብሎ የሚያዘው። ተክሉ ራሱም በውስጡ አለው። ማወቅ የፈለገችው ቲማቲም ሥር የምትጭር ዶሮ ብትጠጣው ደሟ ምን እንደሚሆን ነው።

ዶሮዎቻችንን በሽቦ አጥር ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹ ሆርሞን ጠብ ያለበት ውኃ፣ ግማሾቹ ንጹሕ ውኃ ይጠጣሉ። ሆርሞን የሚጠጡት ቢቀላቀሉም እንዲለዩ እግራቸው ላይ ቀይ ክር አሰረችላቸው። ከዚያ ማጠጣቱን ለእኔ በአደራ ሰጥታ አስተማሪዋን ልታነጋግር አዲስ አበባ ወጣች።

አደራ ከባድ ነው። አንዷ ዶሮ አፏን በከፈተች ቁጥር ታመመች ብዬ እደውላለሁ። ፀደንያም በሸዋ ሮቢት ሙቀት አፉን የማይከፍት ዶሮ ካገኘሁ ያን ጊዜ እንድደውል ነገረችኝ።

ለእትዬ ወርቅነሽ ሆርሞን ነው ብላቸው፣ ሆርሞን ደግሞ ምንድን ነው ማለታቸው አይቀርም። እሱን ፈርቼ ልጅቱ ናት የምታውቀው አልኳቸውና ወደ ጓዳ ገባሁ። እሳቸው ቀዩን ክር አተኩረው ያዩ ነበር። በእኛ አገር ዶሮ እግር ላይ ክር የሚያስረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጠንቋይ ያዘዘው ነው። እንዲህ ያለች ዶሮ መንታ መንገድ ላይ ከታየች የባጃጅ ሹፌር እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዶሮዎቹ ሁሉ ረጥበው ባንድነት ይጭራሉ። ክር የሚባል ነገር የለም። እትዬ ወርቅነሽ በአንድ እጃቸው ፌስታል አጥልቀው፣ በሌላው መቀስ ይዘው፣ የጠበል ጠርሙሳቸውን አጠገባቸው አቁመው ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል። ሁሉንም ከአጥሩ አውጥተው ክሩን ቆርጠው አቃጥለውታል። ክፉ ሰው ቤቴ ላይ የደገመበት፣ እኔም አፍሬ የደበቅኳቸው መስሏቸው ኖሯል።

«ጎረቤት ባይኖርሽ ዛሬ ምን ይውጥሽ ነበር?» አሉኝ።

አመሰገንኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ዶሮዎቹ ከአንድ እናት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ሁሉም ቀይ። የለመዱትን ያውቁ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም የውኃ ሳህን አቀረብኩ። ግር ብለው አንዱን ጨረሱ፣ ከዚያ ግር ብለው ሁለተኛውን ጨረሱ። ለፀደንያ ደወልኩ። ሆርሞኑን የጠጡት የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀችኝ።

«እሱን እንጃ፤ ሁሉም ግን ጠበል ተረጭተዋል» አልኳት።

በማግሥቱ መጣች። የጠጣችው ካልታወቀች ደሙ ምንም አይናገርም፤ ሌላ ዶሮ ካልተገኘ ዓመቷ መቃጠሉ ነው። እኔ እንባዬ ሲመጣ እሷ ግን እኔንና እትዬ ወርቅነሽን አስቀምጣ አስረዳችን። ደም ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ጠላት ሲገባ እሳት ይለቁበታል። እሳቱ ከልክ ካለፈ ግን የራሳቸውን ቤት ያነድዳል፣ ሴሉም እንደ ብረት ይዝጋል። ሆርሞኑ ይህን ዝገት ያበዛ እንደሆነ ነው ጥያቄዋ።

እትዬ ወርቅነሽ መቀሳቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «ታዲያ አንቺ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ልጄም ወደ እኔ ዞረች።

ከጀውሃ ገበያ ነጫጭ ቄቦች ገዝተን እንደገና ጀመርን። ክር ያልነው ነገር ቀረ። እትዬ ወርቅነሽ በእንሶስላ የሚጠረጠር የለም ብለው ሆርሞን የሚጠጡትን ክንፍ በእጃቸው ቀቡ። አላፊ አግዳሚው ሠርግ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። እኔም አሁን ለጠየቀ ሁሉ ከቲማቲሙ አበባ ጀምሬ አስረዳለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ገና ነጭ የደም ሴል ጋ ሳልደርስ አመስግኖኝ ሄደ።

ፀደንያ ፋሲካ ሳይደርስ ደማቸውን ቀድታ ወሰደች። ሆርሞን የጠጡት ዘበኞቻቸው ሳስተው፣ ዝገቱ በዝቶ ተገኘ። በጥቂት ዶሮ ይህ የመጨረሻ ቃል አይደለም ትላለች። ተፈራ የመጨረሻውን ቃል ሳይጠብቅ የዶሮ ቤቱን ከቲማቲሙ አራቀው።

ንጹሕ ውኃ የጠጡት በፋሲካ ወጥ ሆነው አለቁ። አንዷ ለእትዬ ወርቅነሽ ደርሳለች። ፀደንያ ተመርቃ ሥራ አገኘችና ሄደች። እንሶስላ የተቀቡት አይበሉም ስለተባለ እኔ ጋ ቀሩ።