የታላቅነት ምስክር

ሰላሁዲን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። በአምስት ዓመቱ ሆዱ ውስጥ ዕጢ በቅሎበት፣ ነጋዴው አባቱ በሕይወት ሳሉ ካይሮ ድረስ ወስደው አሳከሙት። ሐኪሞቹ ዕጢውን ቆርጠው አወጡና የቀረውን በጨረር አከሙት። ሲሸኟቸውም «ልጁ ይድናል፤ ጨረሩ ያረፈበት አጥንት ግን እንደ እኩዮቹ አያድግም» አሏቸው። እንዳሉትም ሆነ። እግሩ እንደ ነገሩ ሲረዝም አከርካሪው እዚያው ቀረ፤ ቆይቶም ወደ ግራ ዘመመ።

ባሕር ዳር ደግሞ ወሬ አያጣም። እናቱ ወይዘሮ ሀቢባ «ትልቁ ልጅሽ ምነው ቀጨጨ?» የሚለው ጥያቄ ሲሰለቻቸው ዘዴ ዘየዱ። ሰፈር ሲቀይሩ፣ በሦስት ዓመት የሚያንሰውን ሙሀመድሰዒድን ለአዲሶቹ ጎረቤቶች «የመጀመሪያ ልጄ ነው» አሉ። ጠያቂው ቀረ። የቀበሌው ጸሐፊ ቤተሰብ ሲመዘግብም የልጆቹን ዕድሜ አቀያይረው ያንኑ ደገሙለት። ሰላሁዲን አልተቃወመም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር፤ ታላቅ ሆኖ ከማጠር ታናሽ ሆኖ ማጠር ይቀልላል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀልላል ይባላል፤ የወይዘሮ ሀቢባ ውሸት ግን እያደር ከበደች። በ1976 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ አይወሰድም። ቀበሌው መዝገቡን ገልጦ «ሙሀመድሰዒድ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት» የሚል አገኘ። ልጁን የያዙት ከዘጌ በመጣ ጀልባ ላይ የቡና ጆንያ ሲያወርድ ነው። ያን ትከሻ ያየ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው ቢሉት አያምንም።

በማግስቱ ወይዘሮ ሀቢባና ሰላሁዲን ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ጓድ አምባቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ኮታ ያለበት ሰው ነው።

«ዋሽቼ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ወይዘሮ ሀቢባ። «ትልቁ ይኸኛው ነው። ሰው እንዳይስቅበት ብየ ነው እንዲያ ያስመዘገብሁት። ወላሂ፣ ያ ልጅ ገና ዐሥራ ስድስት ነው።»

«እናቴ፣ ዛሬ እዚህ የመጣች እናት ሁሉ ልጇ ዐሥራ ስድስት ነው።»

ጎረቤታቸው እማማ የሺመቤት ለምስክርነት ተጠሩ። መዋሸት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። «ጊዮርጊስን! ትልቁ ያ ረዥሙ ነው። ይህን ትንሹንማ ሽንኩርት ስልከው ነው የኖርሁት» አሉ።

ሰላሁዲን ሸሚዙን አወለቀ። ጨረሩ ያረፈበት የጀርባው ቆዳ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠቁሯል። ያንን ለሰው አሳይቶ አያውቅም፤ ጣና ዳር ኖሮ ዋና የማይችለውም በዚሁ ነው። ዕፍረት አቃጠለው፤ ቢሆንም ዞሮ ለሁሉም አሳየ። የካይሮውን ወረቀት ዘረጋ።

«የተወለድሁበት ዓመት እዚህ አለ። እኔን ጻፉኝ። ሐኪም ሲያየኝ ይመልሰኛል፤ እሱም በዕድሜው ይቀራል። ሁለታችንም ቤታችን እንገባለን።»

ጓድ አምባቸው ወረቀቱን አገላበጠው፤ ዐረብኛ ነው። የሰላሁዲንን ጀርባ ግን ደጋግሞ አየ። «እስቲ ልጁን ራሱን እንጠይቀው» አለ።

ሙሀመድሰዒድን ከታሰረበት ጓሮ አመጡት። የወንድሙን ራቁት ጀርባ ሲያይ ባለበት ቆመ።

«ታላቁ ማነው?»

«ንገራቸው!» አለ ሰላሁዲን። «እኔን አይወስዱኝም!»

ሙሀመድሰዒድ ይህን አላመነም። ሌሊቱን አብረውት የታሰሩት፣ ኮታ ካልሞላ አንካሳም ይጫናል ሲሉ ሰምቷቸዋል። ይህ ጀርባ ጠመንጃ ተሸክሞ ታየው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሱ ልጅ ነው። ስለሚወደኝ ነው እንዲህ የሚለው።»

ሊቀመንበሩ በረዥሙ ተነፈሰና ፈረመ። ወይዘሮ ሀቢባ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪናው ሲሞላ ሰላሁዲን ሰልፉን ሰንጥቆ ገባ። «ውሸታም! ውሸታም!» እያለ ወንድሙን በቡጢ ደበደበው። ቡጢው ከደረቱ በላይ አልደርስ አለ። ሙሀመድሰዒድ እያለቀሰ ቆመለት። ለሽኝት የመጡት ሴቶች «ወይ ታናሽየው! እንዴት ቢወደው ነው!» ብለው አነቡ።

አንድ ወታደር መጥቶ ሰላሁዲንን በብብቱ አንሥቶ ከመኪናው ራቅ አድርጎ አቆመው። ጎንበስ ብሎም እንባውን በመዳፉ ጠረገለት።

«አይዞህ ማሙሽ» አለው። «ታላቅህ ይመለሳል።»