ዱቄቱ ያወጣው አሻራ

የካርድ ሠሪዋ ንዴት ከጥያቄዋ ይቀድማል። ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ባሏም ያውቀዋል፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቀዋል፣ ልጅነቱን ሙሉ በኩርኩም ተምሮታልና።

ሥራውን ሁለቱ ተካፍለውታል። እሱ አበባውን፣ ወፉን፣ ሐረጉን ጎማ ላይ በስለት እየፈለፈለ ማህተም ያደርገዋል። እሷ ማህተሙን ቀለም የሌለው የሚያጣብቅ ፈሳሽ አስነክታ ካርዱ ላይ ትጫነዋለች፤ ወርቃማ ዱቄት ትነሰንስበትና ትርፉን ታራግፋለች። ከዚያ ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ ስታሞቀው ዱቄቱ ይቀልጥና ሥዕሉ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቀራል። ፈሳሹ የት እንደነካ የሚያጋልጠው ዱቄቱ ነው። «ዱቄት አይዋሽም» ትል ነበር ሁልጊዜ።

ያን ቀን ጠዋት የሱቁን በር ስትከፍት ሦስት መቶ የሠርግ ካርድ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘችው። ገሚሱ ተቀዷል፣ ገሚሱ ተረግጧል። ሁለት ወፎች ያሉበት ትልቁ ማህተም አራት ቦታ ተቆራርጧል። የሙሽራዋ አባት ካርዱን እኩለ ቀን ላይ ይወስዱታል ተብሎ ነበር። ቁልፍ ያላቸው ደግሞ እሷ፣ ባሏና ወንድሟ ብቻ ናቸው።

ወንድሟ ትናንት «ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሄድ ነው» ብሏት፣ «በሬሳዬ ላይ ተራምደህ ነው» ብላው ነበር የተለያዩት። ጎንበስ ብላ አንድ ካርድ አነሳች። ጠርዙ ላይ ፈሳሽ ያብረቀርቃል። ዱቄት ነሰነሰችበት፣ አራገፈችው። የአውራ ጣት አሻራ ወርቅ ለብሶ ወጣ፤ መሃሉን አግድም ጠባሳ ያቋርጠዋል። ያ ጠባሳ የወንድሟ ነው። ስለቱ ያመለጠው ዕለት ደሙን የጠረገችለት ራሷ ናት።

ዓይኗ ደም ለበሰ።

ጥቂት ቆይቶ ወንድሟ ከረጢት አንግቶ ገባ። ከንፈሩ አብጧል፤ እሷ ግን ያን ልብ የምትልበት ልብ አልነበራትም። «እታለም፣ ቁጭ በይና ልንገርሽ» አለ። የብረት ማስመሪያውን አንስታ አፉ ላይ አሳረፈችው። አንድ ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ገፍቶ ሊጥላት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ታላቁ ናትና እጁን አላነሳባትም። ሆዱን በጉልበቷ አለችው፤ ሲያጎነብስ ቀኝ እጁን ጎትታ ወረቀት በሚጫነው ብረት ሥር ከተተችና መዘውሩን አጠበቀችው።

«ለማተሚያ ቤት የምታበረክታት እጅ ይቺ ናት?» አለች፣ የሙቅ አየሩን መንፊያ እያበራች።

በሥራ ጊዜ መንፊያው ከካርድ አራት ጣት ያህል ይርቃል። እሷ ቆዳው ላይ ለጠፈችው። ቆዳው አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወንድሟ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም።

«ባልሽ ነው» አለ በደማ አፉ። «ጎህ ሲቀድ ቀድሜሽ ልሠራ ስመጣ ደረስኩበት። ‹ይሄ ሱቅ ካልተዘጋ ቤቷ አትገባም› እያለ ይቆራርጥ ነበር። ላስጥለው ስንታገል ፈሳሹ ተደፋብን።»

መንፊያውን ጣለች፤ ብረቱን ፈታች። ከረጢቱን ስትከፍት አዲስ የተቀረጹ ሁለት ወፎች አገኘች፣ የጎማው ፍቅፋቂ ገና አልተራገፈላቸውም። ቤቱ ሮጦ ሄዶ የተቆረጠውን ምትክ ሲቀርጽላት ነበር ያረፈደው። ሁለተኛ ካርድ ብታነሳ ኖሮ የባሏን ጣት ታገኝ ነበር፤ ግን የሚፈልገውን አንዴ ካገኘ በኋላ ማን ሁለተኛ ያነሳል? ዱቄቱ የነካውን ነገራት እንጂ የቆረጠውን አልነገራትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ይሄኔ ባሏ በሩ ላይ ብቅ አለ፣ ጉንጩ ተቧጭሯል። ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ወንድሟን አየና ፈገግ አለ። «ድካም ቀነስሽልኝ» አላት። በዚያው ማስመሪያ ግንባሩን ከፈለችው። ደጃፉ ላይ እያቃሰተ ተዘረረ። ወንድሟን ደግፋ ባሏን ተራምዳው ወጣች።

ሐኪም ቤት፣ ሐኪሙ እጁን አገላብጠው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ጅማቱ ተነክቷል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጎማ እቀርጻለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«መሣሪያው አምልጦኝ ነው» አለ ወንድሟ፣ እሷን ሳያይ።

ዝም ብትል በነጻ ትወጣ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እጁን ብረት ሥር አስሬ አቃጠልኩት። እሱ ያጠፋው ነገር የለም። እንዲህ ብለው ይጻፉት።»

«እታለም፣ ተይ።»

ሐኪሙ ጻፉት፤ ስልክም ደወሉ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ወንድሟ ባልተቃጠለው እጁ የእሷን እጅ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ልታስለቅቀው ሞከረች፤ እሱ ግን አጥብቆ ያዛት። ቢመታት ይሻላት ነበር።