ስለ ደመወዝ የተላኩ ሽማግሎች

አቶ ፈቃደ ለልጃቸው ሽማግሌ እስኪላክ መጠበቅ ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። መልሳቸውን በቃላቸው አጥንተዋል። ለዕለቱ የሚታሰረውን ክራባት ከሳጥኑ ላይ አኑረዋል፤ የሚጎድለው ጠያቂው ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚያ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር ሲገፉ፣ ሦስት አዛውንት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ከደጃፉ ቆመው ባዩ ጊዜ፣ ልባቸው እንደ ጎረምሳ ልብ ዘለለ።

ሦስቱንም ያውቋቸዋል። መካከለኛው የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው አቶ ዘርአብሩክ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። በስተቀኝ የቆሙት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰሊም ሲሆኑ፣ በስተግራ ያሉት ደግሞ ቦሪ ከሚባል መንደር ፍየል እያመጡ ለሆቴሉ የሚሸጡት የቦረናው ሽማግሌ ኤሌማ ናቸው።

«ምነው ከደጅ ቆማችሁ? ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ፈቃደ።

«ተልከን ነው የመጣነው» አሉ አቶ ዘርአብሩክ። «የላኩንን ሳናደርስ አንቀመጥም።»

ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? አቶ ፈቃደ ይቅርታ ጠይቀው ወደ መኝታ ቤት ገቡና ክራባታቸውን አስረው ተመለሱ። ልጃቸው ቤዚ በኩሽናው በር ብቅ ብላ ሽማግሎቹን አየች፤ አንዳች ሳትደነግጥም ተመልሳ ገባች። አባቷ ይህን የጨዋ ልጅ ዐይነ አፋርነት ነው ብለው ተረጐሙት።

«እንግዲህ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እግዚአብሔር ያመጣውን እንግዳ ማን ይመልሳል? ለመሆኑ ልጁ ማን ይባላል?»

አቶ ዘርአብሩክ ወደ ሐጂ ሰሊም ተመለከቱ፤ ሐጂ ሰሊም ወደ መሬት።

«አንድ አይደለም፤ አራት ናቸው።»

«አራት?»

«አራት። ሁለቱ ሴቶች ናቸው።»

አቶ ፈቃደ በወጣትነታቸው የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበሩ፤ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከባለቤታቸው ጋር አንዲት ሻንጣ ተሸክመው ድንበሩን በእግራቸው ወደ ኬንያ ሲሻገሩ፣ ከዚያም ባለቤታቸውን በዚሁ በሞያሌ ምድር ሲቀብሩ ብዙ ነገር አይተዋል። ይህን የመሰለ ግን አይተው አያውቁም።

«ነገሩ ጋብቻ አይደለም ወዳጄ» አሉ አቶ ዘርአብሩክ፣ ባሳዘነው ሰው ፊት እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የላኩን የሆቴልህ ሠራተኞች ናቸው። መንግሥት የዝቅተኛውን ደመወዝ ወለል ከፍ አድርጌአለሁ ብሎ ካወጀ ስንት ወር ሆነ? የእነርሱ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ይጨመርልን ብለው ነው የላኩን።»

የአቶ ፈቃደ ሆቴል በስም ሆቴል ይባል እንጂ አንድም አልጋ የለውም። ከኬላው በሚወጣው መንገድ ዳር የተሠራ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ምግብ ቤት ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮችና ከብት ነጋዴዎች ቺፕስና የተጠበሰ ዶሮ፣ ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣና የወተት ሻይ ይበሉበታል፣ ይጠጡበታል። ሐሚዳ ድንቹንና ዶሮውን ትጠብሳለች፤ ኦብሳ ድንች ይልጣል፣ ዕቃ ያጥባል፤ ሚሊዮን ያስተናግዳል። ሾፌሮቹ «ስምህ ሚሊዮን፣ ኪስህ ሳንቲም» እያሉ የሚያሾፉበት እርሱ ነው።

«ስለ ደመወዝ ሽማግሌ ይላካል?» አሉ አቶ ፈቃደ፣ የክራባታቸውን ቋጠሮ እያላሉ።

«ስለ ሚስት ከተላከ ስለ ኑሮ ቢላክ ምኑ ነውር ነው? የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንሂድ ያለም ነበር። ከልክላ ያስቀረቻቸው ሐሚዳ ናት። ‹ከሰን ብንረታው ወይም ቢረታን፣ በማግስቱ ከአንድ ትሪ እንዴት እንበላለን?› አለች።»

አቶ ፈቃደ ይህ ነገር ልባቸውን እንደ ነካው ላለማስታወቅ ፊታቸውን ይበልጥ አኮሳተሩ። «እኔ ልጆች እንጂ ሠራተኞች የሉኝም። ሐሚዳ ስትወልድ በግ ይዤ አራስ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የኦብሳ አባት ሲሞት የከፈን ያወጣ ማን ነው?»

«አንተ ነህ። ማንም አልካደህም። ነገር ግን ሰው በየወሩ አይወልድም፣ በየወሩም አይሞትም። የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል።»

«ከድንበሩ መስመር ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል ምግብ ቤት ያለው ወርቅአየሁስ? እርሱን ይህ ሕግ አይነካውም። ሾፌሩ አምስት ደቂቃ ተራምዶ በርካሽ ከሚበላበት ይሄዳል። እኔ ብቻዬን ልክሰር? ደግሞስ አዋጁ ራሱ ሙያ የማይጠይቅ ሥራ ነው የሚለው፤ ሙያ ለሌለው ሰው ከዚህ በላይ…»

«እውነት ነው» አሉ ሐጂ ሰሊም፣ እስካሁን ዝም ብለው የቆዩት። «ድንች ዘይት ውስጥ መጣል ምን ሙያ አለው? ሐሚዳ ብትሄድ ነገ ሌላ ትተካለህ።»

«ሌላ?» አቶ ፈቃደ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ሐሚዳን የመሰለ ከዚህ እስከ ኢሲዮሎ ከተማ ይገኛል? ዘይቱ መድረሱን በጆሮዋ የምታውቅ ሴት ናት። የድንቹን እርጥበት በእጇ መዝና የየትኛው ገበሬ እንደ ሆነ ትነግርሃለች። ሙያ የላትም ያለው ማን ነው?»

«አንተ» አሉ ሐጂ ሰሊም በትሕትና።

ኤሌማ በከዘራቸው ራስ ላይ ጎንበስ ብለው ሳቁ። አቶ ፈቃደ በገዛ ምላሳቸው እንደ ተያዙ ተረድተው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሦስቱን ነገራችሁኝ። አራተኛዋ ማን ናት? ሌላ ሴት አልቀጠርሁም።»

በዚህ ጊዜ አቶ ዘርአብሩክ ንግግሩን ለኤሌማ ተዉ። ኤሌማ አማርኛን የተማሩት ከገበያ ነው፤ ቃል ሳያባክኑ ይናገራሉ።

«አባ ቤዚ፣ አራተኛዋ ቤዚ ናት።»

«የኔ ቤዚ?»

«የአንተ ቤዚ። ዐሥራ አንድ ዓመት ገንዘብ ትቀበላለች፣ መልስ ትሰጣለች። ደመወዝ የላትም። ማርሳቢት ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ለገንዘብ ተቀባይነት ጠርቷታል። መልሷን እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልጋሉ። መሄድ አትወድም። እንደ እስካሁኑ መቆየትም አትችልም።»

«የኔ የሆነው ሁሉ የርሷ አይደለምን?» ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ወደ ልመና አዘነበለ። «ሌላ ማን ወራሽ አለኝና?»

«እኛ ልጅ ሲወለድልን ጊደር እንሰጠዋለን። ሐንዱራ እንላታለን። እርሷም ጥጃዎቿም የልጁ ናቸው። በረቱ የአባት ነው፤ ሁሉም አንድ ቀን የልጁ ይሆናል። ያቺን ጊደር ግን አባት ልጁን ሳይጠይቅ አይሸጣትም። ልጁ ‹የኔ› ማለትን የሚማረው አባቱ ሳይሞት ነው።»

አቶ ፈቃደ በተጨነቁ ጊዜ ሁሉ እንደሚያደርጉት ወደ ሥርዓት ተጠጉ። «የሴት ልጅ አባት ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም» አሉ። «የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ። አሁን ተቀመጡና ሻይ ጠጡ።»

እነዚያ ሁለት ሳምንታት በሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ዘመን ነበሩ። ሠራተኞቹ እንደ ታጨች ልጃገረድ አንገታቸውን ደፍተው ይሠሩ ጀመር። ሚሊዮን እንኳ ቀልዱን ቀነሰ። አንድ ሾፌር «ምነው ዛሬ ዝም አልህ?» ቢለው፣ «ተጠይቄአለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው» አለው።

አቶ ፈቃደ ልጃቸውን ያነጋገሩት በሦስተኛው ቀን ነው። ቤዚ የዕለቱን ሂሳብ ዘግታ መሳቢያውን ስትቆልፍ ቀርበው ቆሙ።

«ለምን በራስሽ አፍ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር አባዬ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ‹የሚያስፈልግሽን ከመሳቢያው ውሰጂ› አልኸኝ።»

«ታዲያ ውሰጂ ማለት መከልከል ነው?»

«አይደለም። ግን ለአንድ ጫማ መሳቢያውን ስከፍት ሐሚዳ ታየኛለች። የርሷን ደመወዝ ገበያ የደረቀበት ወር ነው ብለህ ያዘገየህባት ቀን እኔ ጫማ ገዝቻለሁ። የሠራሁበትን ሰጥተኸኝ ቢሆን አንገቴን አልደፋም ነበር።»

«ማርሳቢት ማንን ታውቂያለሽ? ሲያምሽ ማን ይጠይቅሻል?»

«ማንንም አላውቅም» አለች ቤዚ። «ለዚህ ነው ሽማግሌ የላክሁት።»

አቶ ፈቃደ በዚያ ሳምንት ዐርብ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ወርቅአየሁ ምግብ ቤት ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ርካሹን ተፎካካሪያቸውን በዐይናቸው አይተው፣ ለሽማግሎቹ የሚመልሱትን ማስረጃ ሊሰበስቡ። አንድ የማያውቃቸው ወጣት ምናሌውን ከፊታቸው ወርውሮላቸው አለፈ። የመጣላቸው ቺፕስ ውጪው ጠቁሯል፤ ውስጡ ጥሬ ነው። ወርቅአየሁ ራሱ ሽርጥ ታጥቆ፣ ላብ በላብ ሆኖ ከምድጃው ኋላ ወጣ።

«አንተ ነህ የምትጠብሰው?» አሉት።

«ምን ላድርግ ጋሼ ፈቃደ? የሚጠብስ ልጅ በየሦስት ወሩ ይሄድብኛል። ስማቸውን ሳላጠና ሌላ ይመጣል። ይህ ያስተናገደህ ልጅ ስሙ… ቆይ…» ወርቅአየሁ ግንባሩን ዳበሰ፤ ስሙ ግን አልመጣለትም። «ለመሆኑ ያቺ ሐሚዳ አለች? ሁለት እጥፍ እከፍላታለሁ ብዬ ልኬባት ነበር፤ እንቢ አለች። አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም» አሉ አቶ ፈቃደ። ቀሪውን ቺፕስ ሳይነኩት ከፍለው ወጡ። የመጡበትን ማስረጃ ይዘው ተመለሱ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ማስረጃው ለሌላው ወገን የሚመሰክር ነበር።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ሽማግሎቹ መጡ፤ በሥርዓቱም ቆሙ። በዚህ ጊዜ ግን አቶ ፈቃደ አራቱንም ጠያቂዎች ጠርተው ነበርና ሐሚዳ፣ ኦብሳ፣ ሚሊዮንና ቤዚ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። የሆቴሉ ባለቤት ክራባታቸውን አስረው፣ ለዘጠኝ ዓመት ያጠኑትን ንግግር ትተው እንዲህ አሉ።

«የሕጉ ወለል ለኦብሳና ለሚሊዮን ከዚህ ወር ጀምሮ ይከፈላል። ሐሚዳ ባለሙያ ናት፤ የምግብ አብሳይ ደመወዝ ይሰጣታል። የአንድ ሳህን ዋጋ ሃያ ሺሊንግ ይጨምራል፤ ሾፌሮቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። ድንች በጥሬው መብላት ያማረው ከመስመሩ ማዶ ይሂድ። ቤዚ…» እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ቤዚ ፈቃደ በገንዘብ ተቀባይነት ተቀጥራለች። በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን አላት። እኔም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ምሳችንን እንደ ወትሮው ከአንድ ትሪ እንድንበላ።»

«ጋሼ፣ ከትሪው ማን ወጣ አለዎት?» አለች ሐሚዳ።

«ወርቅአየሁ ሁለት እጥፍ ሲልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ዋጋ ላስጨምር ያስፈራራሁዎት ይመስልዎት ነበር» አለች። አቶ ፈቃደ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን አበሱ፤ ጉንፋን ነው አሉ። ኤሌማም በሞያሌ በዚህ ወር ጉንፋን ብዙ ነው ብለው አገዟቸው።

ቤዚ የመጀመሪያውን የዕረፍት ቀኗን የወሰደችው በተከታዩ ማክሰኞ ነበር። አባቷ በገንዘብ መቀበያው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ከሾፌሮቹ ጋር በመልስ እየተከራከሩ ሳለ፣ ለባብሳ በፊት ለፊቱ በር ገባችና በመንገዱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። በማርሳቢት ለጠሯት ሰዎች እንደማትመጣ ማለዳ በስልክ ነግራ ነበር። ለአባቷ ግን አልነገረቻቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም፤ የመንገድ ሻንጣ ሳትይዝ መምጣቷን አይተው ራሳቸው ዐወቁ።

አቶ ፈቃደ ሚሊዮንን በእጃቸው ገታ አድርገው ራሳቸው ቀረቡ።

«ምን ልታዘዝ?»

«ቺፕስና ሩብ ዶሮ። ሻይም።»

ሐሚዳ ዐውቃ የመጀመሪያውን ትኩስ ጥብስ ላከች። ቤዚ በዝግታ በላች። ስትጨርስ የአምስት መቶ ሺሊንግ ኖት ከጠረጴዛው ላይ አኖረች። የአባቷ እጅ ኖቱን ሊመልስላት ተነሥቶ ከአየር ላይ ቆመ፤ ከዚያም ወርዶ ኖቱን ወሰደ። አቶ ፈቃደ መልሱን አምጥተው፣ እንደ ቀድሞው የመጋዘን ጸሐፊ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየቆጠሩ ከመዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ተቀመጥ አባዬ፤ ትንሽ አጫውተኝ» አለች።

«በሥራ ላይ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም ግራና ቀኝ አይተው ወንበሩን ሳቡ። ገና ከመቀመጣቸው ሚሊዮን ከወዲያ ተጣራ።

«ጋሼ ፈቃደ፣ እዚህ መልስ የሚጠብቁ ደንበኞች አሉ። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት አይቀመጥም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

አቶ ፈቃደ ተነሡ፤ ልጃቸው እየሳቀች ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሰችላቸው።