ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ቻይው

እናት የሕመም ማስታገሻውን መርፌ እምቢ ያለችው ስለሚያስተኛት ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ልጇን ነቅታ ማየት ትፈልጋለች። ልጁ «ተሳፈርኩ» ብሎ ሲደውል የአውሮፕላን ቲኬት ሻጯ እህቱ፣ «እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ቻይው» አለቻት።

ዘጠኝ ያለችው ዘወትር የምትሸጠውን ወደዚያ አገር የመሄጃ ቲኬት አስባ ነው። በእሱ ላይ መነሻው በዚህ አገር ሰዓት፣ መድረሻው በዚያኛው ይጻፋል። ደንበኞቿ የሰዓት ልዩነቱን ረስተው አንዱን ከሌላው ሲቀንሱ ስታርም ነው የምትውለው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ በቲኬቱ ላይ ዘጠኝ የሚመስለው በረራ ዐሥራ አምስት ሰዓት ይፈጃል።

ስሕተቷ የገባት ዘጠኙ ሲያልቅ ነበር።

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ገና ስድስት ሰዓት ይቀረዋል።»

እናት በሕመሙ ጥርሷን ነከሰች። «እንኳን እኔ ሆንኩ። ሌላ መንገደኛ ቢሆን ቲኬቱን ፊትሽ ላይ ይወረውረው ነበር።»

ልጅቱ አልሳቀችም።

«በይ ነርሷን ጥሪያት። ሲመጣ ካልነቃሁ ግን ፊቴን አጥበሽ፣ ፀጉሬን አበጥረሽ አሳዪው።»

ክንዷን ራሷ ገለጠች።